ሁለት ቋጠሮ በአረንጓዴ ክር

ቅዳሜ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱን ትልልቅ ሰዎች ይረከቡታል። ልጆቹ እቤታቸው ናቸው፣ ወንበሮቻቸው ግን እዚያው አሉ። ጣጣውም እሱ ነው። ወንበሮቹ በአራት ዓመት ልጅ ልክ የተሠሩ ናቸው፣ ከክበቡ አባላት ደግሞ ትንሹ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ ስልሳ ስድስት። ስለዚህ ስብሰባ ሲጀመር አሥራ አንድ ሰው ጉልበቱን አገጩ ስር ወትፎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሳሉት ዳክዬዎች ፊት ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። በመስኮት ያያቸው መንገደኛ ምን አጥፍተው ነው የተቀጡት ብሎ ሳያዝንላቸው አያልፍም።

የሰፈር አገልግሎት ክበብ ነው የሚባለው። አንዱን ቅዳሜ የሚያፈስ ጣሪያ ይከድናሉ፣ ሌላውን ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱን የተገነጣጠለ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። በወር ሁለቴ ደግሞ ሰው የጣላቸውን ዊልቸሮች ለቃቅመው ይጠግኑና መራመድ ላቃተው ሰው ያደርሳሉ። አሁን የማወራችሁ ከነዚህ ከዊልቸር ቅዳሜዎች አንዱን ነው።

ከአሥራ አንዱ ትንሹ ሳይክል ጠጋኝ ነው። እውነተኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ክበቡ ውስጥ ስሙ ሰንበሌጥ ነው። የመጣ ሰሞን ሌላው ሰው አንድ ጎማ ሳይፈታ እሱ ሦስት ዊልቸር ጨርሶ፣ መፍቻውን በዚያች በማታርፍ ግራ እጁ እያሽከረከረ ሲያፏጭ ሲስተር አዩትና፣ "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" አሉ። በቃ፣ ተለጠፈበት። እሱም አልከፋውም፤ እንደ ሙገሳ ነው የወሰደው።

ሲስተር ትልቋ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፣ ማዕረጉ ግን ከእሳቸው ጋር አብሮ ጡረታ አልወጣም። ባላቸው እንኳ ሲስተር ነው የሚላቸው። እና የክሩን ሕግ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ሕጉ ይሄ ነው። አንድ ዊልቸር ተጠግኖ ሲያልቅ፣ የጠገነው ሰው መግፊያው እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ያስርና አንዴ ይቋጥራል። ክሩ የሊቀመንበሯ የተተረተረ ሹራብ ነው፤ ሹራቡ ሰፊ ስለነበር ገና አሥር ዓመት ያስኬዳል ይላሉ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ እጁን ያላስገባበት ሰው፣ መጥቶ እንደ አዲስ ይፈትሸዋል። ደህና ከሆነ በዚያው ክር ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ይጨምራል። ሁለት ቋጠሮ የሌለው ዊልቸር ከበሩ አይወጣም።

ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን የሚቋጥሩት ሲስተር ናቸው። አፈታተሻቸው ደግሞ ለጉድ ነው። ዊልቸሩ ላይ ራሳቸው ይቀመጣሉ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉና፣ "ግፋኝ" ይላሉ። ይገፋል። "አሁን ፍሬኑን ያዝና አናውጠኝ" ይላሉ። ያናውጣል። የቆሻሻ ቅርጫቱን ሁለቴ ዞረው፣ ደፉን ወጥተው ወርደው፣ ከዚያ ነው ክሩን የሚነኩት።

"ሲስተር፣ ሽርሽር አምሮዎት እንደሆነ ይንገሩን እንጂ" ይላቸዋል ሰንበሌጥ።

"አምሮኛል። አንተ ግን ዝም ብለህ ግፋ።"

የዚያን ቅዳሜ ታዲያ ሲስተር አረፈዱ። አውቶቡስ ነው ያስረፈዳቸው፣ ግን ምክንያት አይጠየቅም። ያረፈደ ሰው ከሻይ በኋላ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል፣ ማንም ይሁን ማን። ይሄንንም ያወጡት እሳቸው ስለሆኑ ሰዉ ሁሉ እየሳቀ ነው የተቀበላቸው።

"ስቁ፣ ስቁ" አሉና ትንሿ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተቀመጡ። የደረሱት ልክ የደስታ ዙሩ ላይ ነበር። ስብሰባ ሲጀመር እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ደስ ያለውን ነገር ይናገራል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሁለተኛውን የጀመረ ሰው በጭብጨባ ይቆረጣል። ዊልቸሮቹን የሚያደርሰው ሾፌር የራሱ መኪና መስኮት ከሁለት ዓመት በኋላ መዘጋቱን ተናገረ። ሰንበሌጥ እሱ ያበሰለውን ምግብ ሚስቱ ሳታማርር መብላቷን ተናገረ። ሲስተር ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦

"ዳገቱ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት፣ ሰባት ወር ሙሉ ከቤታቸው ሳይወጡ ቆይተው፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእኛ ዊልቸር፣ በልጃቸው እየተገፉ፣ ያንን ቁልቁለት ወርደው፣ የልጅ ልጃቸው ኳስ ስትጫወት ሊያዩ ነው።"

ሊቀመንበሯ ለማጨብጨብ እጇን አንስታ ነበር፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ገባትና አወረደችው።

የዳገቱ ሰውዬ ዊልቸር ከዕለቱ አራት ዊልቸሮች የመጨረሻው ነበር። አዲስ የገባለት ጎማ ከድሮው ቀጠን ያለ ስለሆነ ፍሬኑ አልደርስ አለ። ሰንበሌጥ በግራና በቀኝ ያሉትን ፍሬኖች ፈታ፣ ወደፊት አስጠጋ፣ ብሎኖቹን ከተተ። ብሎኖቹን ከበስተኋላ የሚያጠብቁት ሁለት ዳዶዎች እንዳይጠፉበት ኪሱ ውስጥ ጥሏቸው ነበር። ልብ በሉ፣ እንዳይጠፉበት ነው።

ውጭ ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። የሚጭንባት ፒካፕ የወንድሙ ናት፣ ለስድስት ሰዓት መመለስ አለባት።

"ሰንበሌጥ! ዛሬ ስምህ የት ሄደ? ሦስቱን ጭኛለሁ እኮ!"

"መጣሁ፣ መጣሁ!" ሰንበሌጥ ፍሬኑን ጫን አደረገው። ቀጭ አለ። ሌላውን ጫን አደረገው። ቀጭ አለ። ቀጭ ካለ አለቀ አይደል? አረንጓዴውን ክር በጠሰ፣ አሰረ፣ ቋጠረ።

"ሲስተር፣ አንዷ ቀርታለች" ብሎ ተጣራ።

"እጄ ሳሙና ነው፣ ቆይ መጣሁ" አሉ ሲስተር ከጓሮ። የመዋዕለ ሕፃናቱ መታጠቢያ ለልጆች ተብሎ ዝቅ ስላለ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ወገቡ ለሁለት ታጥፎ ነው የሚያጥበው፣ ሥራውም ቶሎ አያልቅም። ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ሰንበሌጥ ወደ ጓሮ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ክሩ አየ። እኔው የሠራሁትን እኔው አላውቀውም እንዴ አለና፣ ሁለተኛውን ቋጠሮ ራሱ ቋጠረው። ዊልቸሩን ገፍቶ ፒካፗ ላይ ሰቀለው።

ሲስተር እጃቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ግቢው ባዶ ነበር።

"የታለች ያቺ የቀረችው?"

"ሄደች። ታይታለች" አለ ሰንበሌጥ። ማን እንዳያት አልጠየቁትም፣ እሱም አልጨመረም።

እቤቱ ገብቶ ምሳ በላ። ሱሪውን ለወጠ። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የልብስ ቀኗ ነው። የቅዳሜ ሱሪውን ወስዳ ማሽኑ ውስጥ ከተተችና አስነሳችው። ማሽኑ አንዴ እንደዞረ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ።

"ኪስህን ፈትሽ ስልህ ስንተኛዬ ነው?" አለች። እውነተኛ ስሙን ጨምራ ነው የጠራችው። "ባለፈው ሚስማር ነበር። ዛሬ ምንድነው፣ ሳይክሉን እንዳለ ነው የከተትከው?"

ማሽኑን አቁማ፣ እጇን እርጥቡ ልብስ ውስጥ ሰዳ፣ ሁለት ዳዶ አወጣችና መዳፉ ላይ ጣል አደረገችለት።

ሰንበሌጥ ክው ብሎ ቀረ። መዳፉ ላይ ያሉትን ሁለት ብረቶች ያያል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። ስምንት ከሃያ። እነዚያ ፍሬኖች በብሎን ብቻ ነው የቆሙት፣ ከኋላ የያዛቸው ነገር የለም። ሜዳ ላይ ምንም አይሉም። ቁልቁለት ላይ ግን ሰው የሚያህል ክብደት ሲያርፍባቸው ሹልክ ብለው ይወጣሉ። የዚያ ቁልቁለት መጨረሻ ደግሞ የጭነት መኪና መንገድ ነው።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ፣ ቁጣዋ ጠፍቶ።

"ሰው ልገድል ነው" አለ።

ሾፌሩ ጋ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ዝም አለ። ሾፌሩ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከተኛ ጣሪያው ቢነሳ አይሰማም። ሌላ ማን ቤቱን ያውቃል? ሄደው ሰውዬውን ያዩት፣ መቀመጫውን የለኩት ሲስተር ናቸው። ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት። ደወለ።

"ሲስተር፣ የዳገቱ አባት ዊልቸር ፍሬኑ ዳዶ የለውም። እኔ ጋ ነው ያለው፣ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ።"

"ሁለተኛውን ማን ቋጠረው?"

"እኔ።"

ሰንበሌጥ ስልኩ የተቆረጠ መስሎት ከጆሮው አንስቶ አየው።

"በምን ትመጣለህ?" አሉ ሲስተር።

"በሳይክል።"

"ኋላዋ መቀመጫ አላት?"

"የዕቃ መጫኛ አላት እንጂ መቀመጫስ የላትም።"

"ምን ይደረግ፣ ዛሬ ዕቃ ነኝ። ፍጠን።"

ሚስቱ ዳዶዎቹን በጨርቅ ጠርጋ፣ ጨርቁን ቋጥራ፣ "ኪስህ አትክተተው" ብላ እጁ ላይ አስጨበጠችው። መፍቻ ይዞ ወጣ።

ሲስተር በር ላይ ቆመው ነበር። ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ በጎን ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የሰንበሌጥን ቀበቶ ጨመደዱ። የሰፈሩ ሰው ዓይን ወጥቶ ሊወድቅ ደረሰ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ "ሲስተር፣ ወዴት ነው በዚህ እድሜ ጠለፋ?" ብሎ ተጣራ። ሲስተር ስልካቸውን አወጡ። በሌላው እጃቸው ለሰውዬው ልጅ ይደውላሉ። አይነሳም። ደግመው ይደውላሉ። አይነሳም።

"ወጥተው ይሆን?" አለ ሰንበሌጥ እየረገጠ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

"ቀጥ ብለህ ንዳ።"

ቢሰድቡት በተሻለው። እሱ ስድብ ይችላል፣ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሳደብና ሲሰደብ ነው የሚውለው። ዝም የሚል ሰው ጭኖ መሄድ ግን ሲሚንቶ ከመጫን ይከብዳል። መብራቱ ጋ ቆሙ፣ ስምንት ከአርባ። ዳቦ ቤቱን አለፉ። ኳስ ሜዳውን ሲያልፉ ቢጫ የለበሱ ሴቶች ልጆች እየተሟሟቁ ነው። ከመስመሩ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ካለ ብሎ ሰንበሌጥ በዓይኑ ፈለገ። የለም። እንግዲህ ወይ ገና አልወጡም፣ ወይ ደግሞ... ሐሳቡን አልጨረሰውም።

የጭነት መኪናዎቹን አሳልፈው ዳገቱ ስር ደረሱ። አቤት ዳገት! ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ በብዙ ጎማ ተልጎ እንደ ሳህን ያበራል። ሳይክሏ እምቢ አለች። ሲስተር ወረዱ፣ እሱም ወረደና መግፋት ጀመረ። ሁለቱም እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ።

"ሁለተኛ ቋጠሮ ያመጣሁት አንተን ስለማላምን ይመስልሃል አይደል?" አሉ ሲስተር በመሀል።

"አዎ" አለ። ለመዋሸት ትንፋሽ አልነበረውም።

"እኔን ስለማላምን ነው። ነርስ በሆንኩ በስምንተኛ ዓመቴ፣ ሥራውን ለመድኩት ባልኩ ጊዜ፣ ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መርፌ ይዤ ክንዱን ጠርጌ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ምንም አላለችኝም፣ ብቻ ያዘችኝ።" ቆም ብለው ተነፈሱ። "አንተን ዛሬ የሚይዝህ ሰው ብርጭቆ እያጠበ ነበር። እሱ የኔ ጥፋት ነው።"

"ኧረ ሲስተር፣ የርስዎ አይደለም..."

"ግፋ።"

ቤቱ ከላይ ሦስተኛው ነው፣ ሰማያዊ በር ያለው። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ሰንበሌጥ ሳይክሏን ግድግዳው ላይ ወረወራትና አንገቱን ወደ ግቢው አስገባ። ዊልቸሩ ተገልብጧል። ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ መቀመጫው መሬት፣ ጎማዎቹ ሰማይ ሆነው ተገልብጧል። አንደኛው ጎማ አሁንም ቀስ እያለ ይዞራል። በአጠገቡ መስመር ያለው የሽማግሌ ባርኔጣ ወድቋል። ሰው የለም።

"አባቴ!" የሚል ድምፅ ወጣው። የማን አባት እንደሆኑ እሱም አላወቀም።

"ምንድነው ጩኸቱ?" አለ አንድ ሻካራ ድምፅ ከበሩ ጀርባ።

ዘወር አለ። ከበሩ ኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ደጅ በወጣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው በከዘራቸው ጫፍ የተገለበጠውን ዊልቸር ጎማ ያሽከረክራሉ።

ሰንበሌጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እፎይታ ማለት እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ከውስጡ የሆነ ሰው ከባድ ጆንያ ያወረደ መሰለው፣ ደግሞም ዓይኑ ውሃ አቀረረ። ሲስተርም ገብተው፣ አይተው፣ በሩን ይዘው ቆሙ። ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሲስተር፣ እንኳን መጡ" አሉ ሽማግሌው። "ይሄ የሚያለቅሰው ማነው?"

"የሠራው እሱ ነው" አሉ ሲስተር።

"አሃ። ግራ እጁ ነው አይደል የሚሠራው?"

ሰንበሌጥ ቀና አለ። "በምን አወቁ አባቴ?"

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። "እኔ አርባ ዓመት ጭነት አሳሪ ነበርኩ። መኪና ላይ የሚጫነውን ሁሉ በገመድ አስር ነበር። ሰው በጽሑፍ እንደሚለየው እኔ በቋጠሮ ነው ሰው የምለየው። ያ ሾፌራችሁ ዊልቸሩን ሲያወርድ አፉን ሞልቶ፣ 'ይሄን ክር ያዩታል? ሁለት ቋጠሮ፣ ሁለት ሰው፣ አራት ዓይን' አለኝ። ደስ አለኝ። ጥሩ ደንብ ነው፣ በኛ ጊዜ ቢኖር ስንት ጭነት ይተርፍ ነበር። እሱ ሲሄድ ክሩን አየሁት። ሁለቱም ቋጠሮ በግራ እጅ የተቋጠረ ነው። ሁለቱም እኩል ጠብቋል። ሁለቱም ተቻኩሏል። 'ልጄ' አልኳት ልጄን፣ 'ሁለት ሰው አይደለም ይሄ፣ አንድ ሰው ነው፣ ያየውም ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ገልብጪልኝ።'"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉ ሲስተር፣ ቀስ ብለው።

"እሱን ነው የምልዎት። ገለበጠችው፣ ከስር አየን፣ ብሎኖቹ ዳዶ የላቸውም። ፍለጋ ሄዳለች። ስልኳን እንኳ ረስታው፣ ይኸው ከስሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ይሄን ጠፍጣፋ ነገር መንካት አልችልበትም።" የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። "ኳሱም ሊያመልጠኝ ነው።"

ሰንበሌጥ ተነስቶ ጨርቁን ፈታ። ሁለቱ ዳዶዎች መዳፉ ላይ ታጥበው ያበራሉ።

"እነዚህን ነው የፈለጉት" አለ። "እኔ ጋ ነበሩ። ረስቻቸው ነው። ሁለተኛውንም ቋጠሮ የቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ሳያየው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሽማግሌው ዳዶዎቹን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከላዩ ላይ የሚወርደውን ላብ አዩ። "እነዚህን ይዘህ ነው ያንን ዳገት የወጣኸው?"

"ሲስተርንም ጭኜ።"

"እሱንስ ግማሹን በእግሬ ነው የወጣሁት" አሉ ሲስተር።

ሽማግሌው ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። "በል እሰር፣ ቀስ ብለህ ግን፣ እኔ እያየሁህ" አሉ። ሰንበሌጥ ተንበረከከ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ዝግ ብሎ ዳዶ አስሮ አያውቅም። አንዷን አጠበቀ፣ በእጁ ነቀነቃት፣ እንደገና አጠበቀ። ሁለተኛዋን ሲጨርስ ዊልቸሩን አቃንቶ ሲስተርን አያቸው። ሲስተር ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"ግፋኝ።"

ገፋ። ግቢውን ሁለቴ ዞሩ።

"አሁን ፍሬኑን ያዝና አናውጠኝ። እንዲህ አይደለም፣ ንቅንቅ አድርገኝ። ተናደድብኝ።"

አናወጣቸው። ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ወርደው የድሮውን ክር በጥርሳቸው በጠሱትና ከቦርሳቸው አዲስ አረንጓዴ ክር አወጡ። የትም ቢሄዱ ከቦርሳቸው አይጠፋም። ሰንበሌጥ የራሱን ቋጠረ። ሲስተር የራሳቸውን ጨመሩ። ከዚያ ሽማግሌው፣ "ወዲህ በለው" አሉና ጎንበስ ብለው ሦስተኛ ቋጠሮ አከሉበት። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን እንደዚያ ያለ የሚያምር ቋጠሮ ሰንበሌጥ አይቶ አያውቅም።

ልጃቸው ባዶ እጇን፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ገባች። "አባዬ፣ ሁለቱም ሱቅ ተዘግቷል..." ካለች በኋላ እንግዶቹን አየች። አባቷ ዊልቸሩ ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን እያራገፉ ነበር።

"ዳዶው በእግሩ መጣ" አሏት። "እንሂድ፣ አርፍደናል።"

ቁልቁለቱን ሲወርዱ የገፋው ሰንበሌጥ ነው፣ እሷ በጎን እየሄደች። መሀል ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። "ቁም" አሉ። ፍሬኖቹን በሁለት እጃቸው ጫኑ። ቀጭ፣ ቀጭ። "አሁን ልቀቀኝ።"

"አባዬ!" አለች ልጅየዋ።

"ልቀቀኝ አልኩህ።"

ሰንበሌጥ መጀመሪያ ቀኝ እጁን አነሳ። ከዚያ ግራውን፣ አንድ አንድ ጣት እያለ። ዊልቸሩ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ እንደ ተተከለ ድንጋይ ቆመ። ከታች የጭነት መኪናዎቹ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ፀሐዩን ፊታቸው ላይ አስመቱት። ሰባት ወር ያላዩትን መንገድ ቁልቁል አዩ።

"ይሄ ጭነት አይወድቅም" አሉ በመጨረሻ። "በል ያዘኝ።"

ኳሱ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ያለፋቸው። የልጅ ልጃቸው ተሸነፈች። ሽማግሌው ግን ዳኛውን እስኪበቃቸው ሰድበው ነው የተመለሱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የደስታው ዙር ሰንበሌጥ ጋ ሲደርስ ክበቡ እንደ ወትሮው ስለ ሚስቱ ሊቀልድ ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ስለ ዳዶዎቹ ጀመረ። ስለ ቋጠሮው ነገራቸው፣ "ታይታለች" ስላለው ነገራቸው፣ ስለ ተገለበጠው ዊልቸር ነገራቸው። ሰባት ዓረፍተ ነገር ሆነ፣ ምናልባትም ስምንት። ሾፌሩ እጁን ለማጨብጨብ አንስቶ ሳለ ሲስተር በዓይናቸው አዩት፣ እሱም ጉልበቱን የሚያክ መሰለ። ሰንበሌጥ ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሊቀመንበሯ ብቻ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ፈታሽ ብርጭቆ እያጠበም ቢሆን ይጠበቃል" ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ጭነት አሳሪው ናቸው፣ ልጃቸው እየገፋቻቸው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው። አባል ልሁን ብለው ነው የመጡት። ሰው ሁሉ ከነዚያ ወንበሮች ላይ እየተፈታታ ሊነሳላቸው ሲታገል፣ እሳቸው ክቡን ዞረው አዩና፣ "አትነሱ፣ እዚህ ቤት የሚመች ወንበር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ" አሉ።

"አርፍደዋል ግን" አሉ ሲስተር።

"እና?"

"ብርጭቆ።"

ከሻይ በኋላ ጓሮ ወሰዷቸው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ ሁሉንም ሰው ወገቡን ሲሰብረው የኖረው የልጆች መታጠቢያ ለእሳቸው ልክክ አለ። ዊልቸሩን አስጠግተው፣ ክንዳቸውን ሰብስበው፣ ቧንቧውን ከፍተው እያፏጩ ያጥቡ ጀመር።

ሰንበሌጥ ውስጥ የዕለቱን የመጨረሻ ዊልቸር ጨረሰ። ሁለት ኪሱን ገልብጦ አየ፣ ባዶ ነው። አረንጓዴውን ክር አሰረና አንዴ ቋጠረ።

"አባቴ፣ አንዷ ቀርታለች" ብሎ ተጣራ።

"እጄ ሳሙና ነው፣ ቆይ መጣሁ" አሉ ከጓሮ።

ውጭ ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። ሰንበሌጥ እጁን ጠርጎ፣ ከዳክዬዎቹ ስር ትንሿን ወንበር ሳብ አድርጎ፣ ጉልበቱን አገጩ ስር ወትፎ ተቀመጠ። ክላክሱ ደገመ።

"ይንፋው" አለ።